የብሬዴንጓ አራስ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ማርታ ከቮርቢ ጎርድ ደወለችልኝ። ስዊዶቹ አንድራሃንድ እንደሚሉት ከተከራይ ላይ ተከራይታ የምትኖርበት ትንሽ ቤት እዚያ ነው። «ማማ፣ በረንዳዬ ላይ ዳክዬ ተቀምጣ አልሄድ አለች» አለችኝ፤ ያለችኝ በስዊድንኛ ነው። እሷ በስዊድንኛ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲሁ ተግባብተን ኖረናል። «የት ላይ ነው የተቀመጠችው?» ብላት «አበባ የተከልኩበት ሣጥን ውስጥ፤ እንቁላል ሳይኖራት አይቀርም። ምን ላድርጋት?» አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሃሎ? ሃሎ?» ትላለች፤ እኔ ብሬዴንግ ሰፈር፣ ሳሎኔ ውስጥ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የራሰ የአበባ አፈር ሸተተኝ፤ ከአፈሩ ቀጥሎ ደግሞ ቅቤ የገባበት የገብስ ገንፎ። «አትንኪያት» አልኳት በመጨረሻ፣ «በሰፊ ሳህን ውኃ ብቻ አስቀምጪላት፤ የቀረውን ቅዳሜ መጥቼ አሳይሻለሁ።» ስልኩን ዘግቼ መስኮቱ አጠገብ ያለው ሶፋ ላይ ቁጭ አልኩ። ሶፋው ተለውጧል፤ መስኮቱ ግን ያው ነው።

ነገሩ የሆነው ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ብለው የሚቆጥሩት ዘመን ገብቶ ጥቂት እንደሄደ ነው፤ ዓመቱን በልኩ ንገሪ ብትሉኝ ከባሌ ጋር እንጣላለን። የባቡር ትኬት ያኔ ረጅም የወረቀት ሪባን ነበር፤ ጣቢያው መግቢያ ላይ በመስታወት ቤት የተቀመጠው ሰውዬ አጠፍ አድርጎ ማኅተም ይመታበታል፣ ቀለሙ ያልደረቀ እንደሆነ የኮትህን ኪስ ሰማያዊ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ለመደወል ከኪዮስኩ ባለ ሃምሳ ክሮነር ካርድ ገዝተን፣ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን፣ ገና ስለ ጤንነት ተጠያይቀን ሳንጨርስ ድምፅዋ የተቀዳው የካርዱ ሴትዮ «አንድ ደቂቃ ቀርቶዎታል» ትለን ነበር። ሴንትሩም የሚሉት የሰፈሩ መሐል አደባባይ ላይ፣ ከአበባ ሻጩ ድንኳን አጠገብ፣ ማምሻውን ቲማቲም በሣጥኑ አሥር ክሮነር የሚጥል አንድ ቱርክ ነበረ፤ የሁላችንም ወጥ ከዚያ ሣጥን ነው የተሠራው። እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን የሀበሻ ቀሚሳችንን በላባ ጃኬት ሸፍነን፣ በበረዶ ቦት ጫማ ጣቢያ እንደርስና ባቡር ውስጥ ቦቱን በነጠላ ጫማ እንቀይራለን። የባሌ የሰለሞን አሮጌ ቮልቮ ካሴት ማጫወቻ ነበረው፤ ካሴቱ ከመደጋገሙ ብዛት ዘፋኙ ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ያንን ድምፅ ዛሬ በጥራት ስሰማው ሌላ ሰው ይመስለኛል።

ሰለሞን ያኔ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራ ነበር። ቤታችን ከምድር ቤቱ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ፣ በረንዳው ሣር ሜዳ ላይ የሚያይ ነው፤ ከሜዳው ዳር ነጫጭ በርች ዛፎች አሉ፣ ከነሱ ጀርባ ዓለትና ጥድ፣ ከጥዱ ወዲያ ሜላረን ሐይቅ። ይህን ሁሉ የማውቀው ቆይቼ ነው። በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ስለምገባ ለብዙ ዓመት ደጃችን ላይ ምን እንደሚኖር አላየሁም። ወፍ ለእኔ ወፍ ነበር፤ ዓይነት ይኑረው አይኑረው ጉዳዬ አልነበረም። ማየት የጀመርኩት ከቤት የዋልኩ ጊዜ ነው።

ከቤት የዋልኩበት ምክንያት ይህ ነው። ልወልድ ትንሽ ሲቀረኝ፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ ልጁ ሆዴ ውስጥ ዝም አለ። ሆስፒታል ገብቼ እንደማንኛዋም ሴት አምጬ ወለድኩት። ወንድ ነበር። ጸጉሩ ጥቁር፣ አገጩ የሰለሞን። ቀበርነውና ወደ ቤት ተመለስን። በእኛ ዘንድ ሴት ስትገላገል ሰው ደጇን አልፎ ሲገባ መጀመሪያ የሚላት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። ይህን እኔ ለስንቷ ብያለሁ፤ ገንፎ ለመቅመስ በሰማያዊው የባቡር መስመር ቴንስታ ድረስ ሄጃለሁ። ለእኔ ግን ያለኝ ሰው አልነበረም። የመጡት ሁሉ ደጎች ናቸው፣ አልወቅሳቸውም፤ «ሌላ ይሰጥሻል» አሉኝ፣ «ገና ልጅ ነሽ» አሉኝ፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ክርስትና ላልተነሳ ሕፃን ልቅሶ አይቀመጡም ተብሎ ልቅሶም አልተቀመጥኩም። አራስም አልተባልኩም። ጡቴ ግን ይህን ማን ይንገረው፤ ወተት አግቶ ሸሚዜን ያረጥበው ነበር። የምፈልገው ትንሽ ነገር ነበር፤ አንድ ሰው «ወልደሻል» እንዲለኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ በሉኝ ብሎ ሰው አይጠይቅም።

የሰለሞን እናት እማማ አሰገደች የመጡት በዚህ መሐል ነው። ቪዛቸው የተጠየቀው፣ ትኬታቸው የተቆረጠው እኔን ሊያርሱኝ ነበር። ልጁ ካረፈ በኋላ ይቅሩ ወይስ ይምጡ ሲባል እሳቸው «እመጣለሁ» አሉ። ደጃችን ላይ አቅፈውኝ ለረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ያንን ቃል ግን እሳቸውም አላሉኝም። ሻንጣቸው ውስጥ ለገንፎ ያስፈጩት የገብስ ዱቄት፣ በቆርቆሮ የታሸገ ለጋ ቅቤ፣ በርበሬና ለሕፃኑ የተሠራች ትንሽ ጋቢ ነበሩ። ሰለሞን ሻንጣውን አልጋችን ሥር አስገባው። ምን እንዳለበት ሦስታችንም እናውቃለን፣ ሦስታችንም አናነሳውም። እማማ ምስር ይሠራሉ፣ ዶሮ ይሠራሉ፣ ያንን ሻንጣ ግን ሲጠርጉ እንኳ እንዳይነካው መጥረጊያውን ዞር ያደርጉ ነበር።

ሐኪሙ የሕመም ፈቃድ ጽፎልኝ ከጠዋት እስከ ማታ ሶፋው ላይ ተጋድሜ ወደ ውጭ አያለሁ። መጀመሪያ የታዩኝ ጥንቸሎቹ ናቸው። ድመት የሚያካክሉ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው፣ መንገድ መብራቱ ሥር ክብ ሠርተው የሚቀመጡና ድንገት የሆነ ነገር ትዝ እንዳላቸው ብድግ ብለው የሚሮጡ። ከዚያ ጥቁርና ነጭ የለበሰችው፣ ስዊዶቹ ስካታ የሚሏት ጅራተ ረጅም ወፍ፣ በርቹ ላይ እንጨት በእንጨት ቤቷን ስትሠራ ዋለች። አንድ ቀን ድኩላ መጣች። እማማ ሶፋው ጫፍ ላይ እግሬ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ይሄ ድኩላ ባለቤት የለውም?» አሉ።

«የለውም እማማ፣ የዱር ነው።»

«የዱር ከሆነ ፎቅ ሥር ምን ሊሠራ መጣ?»

«የኢንገርን አበባ ሊበላ።»

«ጥጋበኛ» አሉ በአድናቆት። ያን ሰሞን ከተነጋገርነው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር።

ኢንገር ከእኛ በታች ምድር ቤቱ ላይ የምትኖር ስዊድናዊት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ በየዓመቱ መስኮቷ ሥር ቱሊፕ ተክላ በየዓመቱ በድኩላ የምታስበላ። ዕድሜዋ ለእናቴ ቢጠጋም አገሩ አንቱታ ስለሌለው አንቺ እያልኩ ለምጃታለሁ። የጋራ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ስንገናኝ ሆዴን አይታ ትስቅ ነበር። ከሆስፒታል ስመለስ ደረጃው ላይ አይታኝ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው፤ ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም።

የእኛዋ ዳክዬ የመጣችው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ብርሃኑ አልጠፋ የሚልበት፣ ከእራት በኋላ እንኳ በርቹ ላይ ወርቅ የሚንጠባጠብበት ወራት። እማማ «ይቺ ፀሐይ ቤት የላትም እንዴ?» እያሉ መጋረጃ ይስባሉ። አንድ ጠዋት በረንዳችን ላይ፣ የደረቀው የአምናው አበባ ሣጥን ውስጥ ቡናማ ነገር ተኝቶ አየን። ጥቁር ዓይኗ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ሰለሞን ለአከራዩ ድርጅት ልደውል ሲል እማማ ስልኩን ከእጁ ወሰዱበት። «እርጉዝ ከቤት ታስወጣለህ? ማን አሳደገህ?» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳው የሳቸው ሆነ። ወንበራቸውን በሩ ላይ አደረጉ፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ፣ የመጥረጊያ እንጨት ክንዳቸው ሥር፤ ስካታዋ እንቁላል ልትሰርቅ ከበርቹ ወርዳ የበረንዳው መከለያ ብረት ላይ ባረፈች ቁጥር እንጨቱ ይነሳል። «ምጥ የተያዘች ብቻዋን አትተውም» ይላሉ። ከውጭ የመጣ ሰው በቀጥታ ወደ በረንዳው መቅረብ አይችልም፤ ፀሐይ ይዞ ገብቶ ዳክዬዋን ምች እንዳያስመታት። ሰለሞን ሲነዳ ውሎ ሲገባ ኮሪደሩ ላይ፣ ጫማ ማውለቂያው አጠገብ ያለችው ትንሽ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። «እማዬ፣ እዚህ አገር ምን ፀሐይ አለና ነው?» ሲላቸው «ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ይብረድልህ» ይሉታል። ያ ግዙፍ ሰው ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ፣ ለአንዲት ዳክዬ ሲባል ተቀምጦ ሲበርድ ይታየኛል። ዛሬም ድረስ ያቺ ወንበር አለች። ሰለሞን ጡረታ ወጥቶ ወፍሯል፣ አትችለውም፤ እንድጥላት ግን አይፈቅድም።

እኔ ከሶፋው ሆኜ አያለሁ። ዳክዬዋ ቀን ከቀን አትነቃነቅም፤ ዝናብ ሲመጣ ጠብታው ጀርባዋ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፣ እሷ ወደ ውስጥ የምታዳምጥ ትመስላለች። እኔም እንደዚያ አዳምጥ ነበር። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ከመስታወቱ ወዲህና ወዲያ ፊት ለፊት ተያይተን፣ እሷ ትተኛለች፣ እኔም እተኛለሁ፤ ስነቃ ጥላው ሜዳውን ተሻግሯል፣ ጥንቸሎቹ ወጥተዋል፣ ከላይ የዱር ዝይዎች እየጮኹ ወደ ሐይቁ ያልፋሉ። ሕልሙና መስኮቱ የት ላይ እንደሚለያዩ የማላውቅበት ሰሞን ነበር። ልጁ በሕይወት ያለ መስሎኝ የምነቃበትም ቀን ነበር።

አንድ ጠዋት ከበረንዳው ቀጭን ጩኸት ሰማሁ፤ ብዙ ቀጫጭን ጩኸት። ሰለሞን ሥራ ሄዷል። ሳልነሳ ዞር ብዬ ሳይ እማማ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ከዳክዬዋ ክንፍ ሥር ቢጫና ቡናማ ራሶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። እማማ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለሰው እንደሚባለው፣ ዝግ ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት።

ቀናሁ። በዳክዬ ቀናሁ፤ ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እማማ ወደ ኩሽና ገቡ፣ መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ፣ ትልቁን ቢላ ይዘው ወደ በረንዳው ተመለሱ። ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ እናቴ ታናሼን ስትወልድ ትራሷ ሥር ብረት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተደወለ። እንደምንም ተነስቼ ከፈትኩ። ኢንገር ናት፣ የጓሮ ጓንቷን እንዳጠለቀች፣ ፊቷ ነጥቷል። ሜዳው ላይ ቆማ ቀና ስትል ነጭ የለበሱ አሮጊት ትልቅ ቢላ ይዘው ዳክዬዋ ላይ ጎንበስ ሲሉ አይታለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ጣልቃ መግባቴ አይደለም» አለች። «የባልሽ እናት… ዳክዬዋን ልታርዳት ነው?»

ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ መጣብኝ፤ ወዲያው ሄደ። «አይደለም» አልኳት። «በእኛ አገር የወለደች ሴት አጠገብ ብረት ይቀመጣል። ክፉ ነገር እንዳይቀርባት። ብቻዋንም አትተውም።»

ኢንገር ጓንቷን አወለቀች። ከዚያ አየችኝ።

«አንቺስ?» አለች። «ለአንቺም አስቀመጡልሽ?»

በክፋት አልነበረም። ማወቅ ፈልጋ ነው፤ ልጅ ጥያቄ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀችው። የለም ስል ራሴን ነቀነቅኩ። ከኋላዬ እማማ መጥተው ቆመው ነበር።

«ምን አለች?» አሉኝ።

ሌላ ነገር ልላቸው እችል ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ለመዋሸትም ጉልበት ይፈልጋል። «ለአንቺስ አስቀመጡልሽ ወይ ነው የምትለው» አልኳቸው። እማማ ኢንገርን አዩዋት፣ እኔን አዩኝ፣ ተመልሰው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እስኪመሽ ድረስ የጸሎት መጽሐፋቸውን አልገለጡም።

በማግስቱ ማለዳ ዳክዬዋ ብር ብላ ሣሩ ላይ አረፈችና ትጠራ ጀመር። ልጆቿ ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተደረደሩ። ኢንገር ከታች ወጥታ ሣሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ዘረጋች፤ «አትንኳቸው፣ እናታቸው ትጥራቸው» ትላለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። አንዱ ዘለለ። እንደ ጥጥ ጭብጥ ወደቀ፣ ነጠረ፣ ተነስቶ ሮጠ። ሌላው ተከተለ፣ ሌላው። የመጨረሻዋ ግን አልዘል አለች። ወደ ታች ታያለች፣ ወደ ኋላ ትላለች፤ ስካታዋ በርቹ ላይ ናት። እማማ እጃቸው ሊዘረጋ ሊዘረጋ ሲል በሌላው እጃቸው ይይዙታል። «ነይ እንጂ የኔ እናት» ይሏታል፣ «እናትሽ አለች፣ አይዞሽ።» አንዷ እንኳ እንዳትቀር እየለመንኩ ነበር፤ ያቺ ብትቀር ምን እሆን እንደነበር አላውቅም። ዘለለች። እማማ እልልታቸውን ሲለቁት ፎቁ ሁሉ መስኮት ከፈተ።

ከዚያ ወረድን። ዳክዬዋ ከፊት፣ ልጆቿ በሰልፍ፣ ኢንገር መጥረጊያ ይዛ መኪና ታስቆማለች፣ እማማ የሰለሞንን የክረምት ካፖርት በነጠላ ላይ ደርበው፣ እኔ በቤት ጫማ። ከቀብሩ ወዲህ ከቤት ስወጣ የመጀመሪያዬ መሆኑን ያስታወስኩት ጥዶቹ መሐል ከደረስን በኋላ ነው። አየሩ እርጥብ ቅጠል ይሸታል፣ ብርሃኑ በግንዶቹ መሐል ተቆራርጦ ይወርዳል። «አባትየው የት ሄዶ ነው?» አሉ እማማ። ኢንገር «ወንዱ ዳክዬ ልጅ አያሳድግም፣ ሁልጊዜም ይሄዳል» ስትል ተረጎምኩላቸው። «እዚህም ነው?» አሉ። ሜላረን ጠርዝ ላይ ዳክዬዋ ምንም ሳትል ውኃው ውስጥ ገባች፣ ልጆቿም ገቡ፤ ሸምበቆው ከለላቸው። ሦስታችን ውኃው እስኪረጋ ቆመን አየን።

እቤት ስንገባ እማማ ካፖርቱን አውልቀው «ሂጂ፣ አልጋ ላይ ውጪ» አሉኝ። ሶፋው ላይ ልተኛ ስል «አልጋ አልኩሽ» አሉ። ተኛሁ። ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር ሻንጣውን ሲጎትቱ፣ ዚፑን ሲከፍቱ ሰማሁ። ከኩሽና ማማሰያ ድስት ሲመታ ተሰማኝ፣ ከዚያ ቅቤው ሲቀልጥ ሸተተኝ። መጀመሪያ የመጡት ቢላውን ይዘው ነው፤ አጥበውታል፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለውታል። ራሴን ቀና አድርገው ትራሴ ሥር አስገቡት። ቀጥለው ገንፎውን አመጡ፣ መሐሉ ላይ በርበሬና ቅቤ ሞልቶ።

«እማማ፣ እኔ…» አልኳቸው። ልጅ የለኝም ልል ነበር።

«እንዳላሳምምሽ ፈርቼ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ይኸው ፈረንጇ ቀደመችኝ። ቃሉ እኮ የእናቲቱ ነው፤ ከሞት ተርፋ ለወጣችው ነው የሚባለው። አንቺም ወልደሻል።» ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

አለቀስኩ። በሆስፒታሉ ያላለቀስኩትን፣ በመቃብሩ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ፤ እሳቸው ገንፎው እንዳይቀዘቅዝ በማንኪያ እያገላበጡ ጠበቁኝ። ገና መጉረስ ስጀምር የቤቱ በር ተከፈተ። ሰለሞን ነው፤ የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሶ መጣ። የገንፎው ሽታ ሳይመታው አልቀረም፣ ቶሎ ቶሎ ሲራመድ ሰማሁ። እማማ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ አቆሙት።

«ፀሐይ ይዘህ አትግባ» አሉት። «ተቀመጥ።»

«እማዬ፣ ዳክዬዋ ሣጥኑ ውስጥ የለችም እኮ፤ ከታች ሆኜ አየሁ። ለማን ብዬ ነው የምቀመጠው?»

«አራስ አለች አልኩህ።»

ያቺ ትንሽ ወንበር ሲጥ ስትል ሰማሁ፤ ጥቂት ቆይቶም ሰለሞን እንደ ሕፃን ድምፁን አውጥቶ ሲያለቅስ። እኔ ገንፎዬን በላሁ።